የላብ ኮምፒውተር ዴስክቶፕ በየቀኑ ሲቀያየር፦ የሚቆለፈው፣ የሚታጠበውና የማይነካው

ጥያቄ፦ «ጅማ ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ነኝ። ላባችን ውስጥ ኡቡንቱ 22.04 የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም የተጫነባቸው 24 ዴስክቶፖች አሉ፤ 4 ጊጋባይት ራም ያላቸው አሮጌ ማሽኖች ናቸው። ተማሪዎች ሁሉ የሚገቡት በአንድ የጋራ አካውንት ነው። ዋልፔፐሩ በየቀኑ ይቀየራል፣ ዶኩ (በስክሪኑ ዳር ያለው የፕሮግራሞች መደዳ) ላይ ያሉት አይከኖች ይጠፋሉ፣ የአማርኛው ኪቦርድ ይሰረዛል፣ አንድ ቀን ደግሞ ስክሪኑን ዘቅዝቀውት አገኘሁ። የሴቲንግ ፋይሉን ሪድ ኦንሊ ባደርገው በማግስቱ ተቀይሮ ጠበቀኝ። ሴቲንግስ የሚባለውን ፕሮግራም ራሱን ባጠፋውስ?»

ምላሽ፦

ሴቲንግስን አያጥፉት። እሱ መስኮት እንጂ መጋዘን አይደለም፤ ሴቲንጎቹ የሚቀመጡት ሌላ ቦታ ነው። መስኮቱን ቢነቅሉትም ተማሪው ፎቶ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ ዋልፔፐር ያደርገዋል፣ የዶኩን አይከን በማውዝ ጎትቶ ያወጣዋል፣ ተርሚናል የሚያውቅ ከሆነም በአንድ መስመር ትእዛዝ የፈለገውን ይቀይራል። በዚያ ላይ የኡቡንቱ ዴስክቶፕ ዋና ፓኬጅ ሴቲንግስን ስለሚፈልግ፣ ሲያጠፉት ዋናው ፓኬጅም አብሮ ይነቀላል። ማሽኑ ለጊዜው ምንም የሆነ አይመስልም፤ ወደ አዲስ እትም ለማሻገር ሲነሡ ግን ጉዱ ይወጣል። ነገ አዲስ ፕሪንተር ሲገባ ወይም የዋይፋዩ ፓስወርድ ሲቀየር ሴቲንግስን የሚፈልጉትም እርስዎ ራስዎ ነዎት።

ሪድ ኦንሊ ማድረጉ ያልሠራው ትእዛዙን ስለተሳሳቱ አይደለም። የግኖም (የኡቡንቱ ዴስክቶፕ) ሴቲንጎች የሚቀመጡት በተማሪው ሆም ፎልደር፣ «.ኮንፊግ» በሚባለው ስውር ፎልደር፣ «ዲኮንፍ» በሚለው ንዑስ ፎልደር ውስጥ ባለ አንድ ፋይል ነው። አንድ ሴቲንግ ሲቀየር ዲኮንፍ (ሴቲንጎቹን የሚያስቀምጠው ፕሮግራም ስም ነው) ነባሩ ፋይል ላይ አይጽፍም፤ አዲስ ፋይል ያዘጋጅና በነባሩ ቦታ ይተካዋል። ለመተካት የሚያስፈልገው የፋይሉ ፈቃድ ሳይሆን የፎልደሩ ፈቃድ ነው፤ ፎልደሩ ደግሞ የተማሪው ነው። ፎልደሩን በሩት (በማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) ስም ቢያዞሩትም ከበላዩ ያለው «.ኮንፊግ» አሁንም የተማሪው ስለሆነ፣ የተቆለፈውን ፎልደር ስሙን ቀይሮ ወደ ጎን ይገፋውና አዲስ ይፈጥራል። በራሱ ቤት ውስጥ ባለቤቱን መከልከል አይቻልም። ክልከላው ከቤቱ ውጭ መቀመጥ አለበት።

ሌላው መስተካከል ያለበት ነገር፣ የተቀያየሩብዎት ነገሮች ሁሉ አንድ ቦታ የሚቀመጡ አለመሆናቸው ነው። ዋልፔፐሩ፣ ዶኩና የኪቦርዱ ዝርዝር ዲኮንፍ ውስጥ ናቸው፤ እነዚህ በትክክል ይቆለፋሉ። የተዘቀዘቀው ስክሪን ግን ዲኮንፍን አያውቀውም፤ «.ኮንፊግ» ውስጥ «ሞኒተርስ.ኤክስኤምኤል» በሚባል ራሱን በቻለ ፋይል ይጻፋል። የትኛው ፋይል በየትኛው ፕሮግራም ይከፈት የሚለው፣ ዴስክቶፕ ላይ አይከኖች የተቀመጡበት ቦታ፣ ማሽኑ ሲከፈት አብሮ የሚነሣ ፕሮግራም፣ እነዚህም ሁሉ በሆም ፎልደሩ ውስጥ በየራሳቸው ፋይል ተበታትነው ይገኛሉ። ስለዚህ መቆለፍ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። ምክሬ፦ አሥር የማይሞሉ ሴቲንጎችን በዲኮንፍ ይቆልፉ፣ የተቀረውን ሁሉ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ከናሙና ሆም ፎልደር ተገልብጦ እንዲታጠብ ያድርጉ፣ የማሽኑን ማስነሻ ደግሞ በፓስወርድ ይዝጉ። ከሦስቱ አንዱን ብቻ መምረጥ ካለብዎ እጥበቱን ይምረጡ።

ከዚህ በታች የፋይልና የትእዛዝ ስሞችን በድምፃቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ማሽኑ ላይ በላቲን ፊደል፣ ትልቅ ፊደል ያስፈልገዋል ካላልኩት በቀር ሁሉንም በትንንሹ ፊደል ይጻፏቸው፤ ዘንግ ምልክቶቹ (/) እና ነጥቦቹ እንዳሉ ይቀመጣሉ።

ከመቆለፉ እንጀምር። ዲኮንፍ ሴቲንግ ሲያነብ ከአንድ በላይ ዳታቤዝ ደርቦ ማየት ይችላል፤ ላይኛው የተጠቃሚው፣ ታችኛው የሲስተሙ። የትኞቹን በምን ቅደም ተከተል እንደሚያይ የሚነግረው ፕሮፋይል የሚባል ፋይል ነው። ለላብዎ ሁለት መስመር ይበቃዋል፤ የመጀመሪያው «ዩዘር-ዲቢ:ዩዘር»፣ ሁለተኛው «ሲስተም-ዲቢ:ላብ»። ይህን ፋይል «/ኢቲሲ/ዲኮንፍ/ፕሮፋይል» ውስጥ «ስቱደንት» ብለው ያስቀምጡት። በብዛት የሚጻፈው መመሪያ ፋይሉን «ዩዘር» በሉት ይላል። ያ ስም ግን ማሽኑ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ፣ እርስዎንም ጨምሮ፣ ይቆልፋል። በዚያ ላይ ተማሪው «ዲኮንፍ_ፕሮፋይል» (በትልልቅ ፊደል) የሚባለውን የአካባቢ ተለዋዋጭ፣ ማለትም ፕሮግራሞች ሲነሡ የሚያነቡትን እሴት፣ በራሱ ፕሮፋይል ከሞላው መቆለፊያውን ዘሎት ያልፋል።

ለሁለቱም ችግር አንድ መፍትሔ አለ፤ ብዙ ሰው ግን አይጠቀምበትም። ዲኮንፍ ማንኛውንም ተለዋዋጭ ከማየቱ በፊት «/ራን/ዲኮንፍ/ዩዘር» ውስጥ በተጠቃሚው መለያ ቁጥር የተሰየመ ፋይል መኖሩን ያረጋግጣል። ካለ፣ እሱ ግዴታ ነው፤ ሌላ ፕሮፋይል አይነበብም። የተማሪው መለያ ቁጥር 1001 ከሆነ (ተርሚናል ላይ «አይዲ» ከተማሪው ስም ጋር ጽፈው ያያሉ)፣ ከላይ ያለውን ባለሁለት መስመር ፋይል 1001 በሚል ስም እዚያ ይገለብጡታል። ፋይሉ የሩት ስለሆነ ተማሪው ሊነካው አይችልም፤ የእርስዎ ቁጥር ሌላ ስለሆነ ደግሞ እርስዎን አይመለከትም። አንድ ነገር ይወቁ፤ «/ራን» የሚኖረው ራም ላይ ስለሆነ ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ቅጂው በየማስነሻው መታደስ አለበት። እሱን ከእጥበቱ ስክሪፕት ጋር እናያይዘዋለን።

ቀጥሎ ዳታቤዙ ነው። «/ኢቲሲ/ዲኮንፍ/ዲቢ/ላብ.ዲ» የሚባል ፎልደር ይፍጠሩ፣ በውስጡ ደግሞ «ሎክስ» የሚባል ሌላ ፎልደር። ላብ.ዲ ውስጥ በሚያስቀምጡት ፋይል እሴቶቹን ይጽፋሉ፤ ክፍሉን በማዕዘን ቅንፍ፣ ለምሳሌ [ኦርግ/ግኖም/ዴስክቶፕ/ባክግራውንድ]፣ ከሥሩ የሴቲንጉን ስም፣ እኩል ምልክት፣ ከዚያ እሴቱን። ሎክስ ውስጥ ባለው ፋይል ደግሞ የሚቆለፉትን ሴቲንጎች ሙሉ መንገዳቸውን በየመስመሩ አንድ አንድ ይዘረዝራሉ። ሲጨርሱ «ሱዶ ዲኮንፍ አፕዴት» ይበሉ («ሱዶ» በሩት ሥልጣን ማዘዣ ነው)። ለውጡ የሚታየው ተማሪው ወጥቶ ሲገባ ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቦታዎች ነው። በእሴቶቹ ፋይል የክፍሉ ስም ያለ ዘንግ ይጀምራል፤ በመቆለፊያው ፋይል ግን መንገዱ በዘንግ ይጀምራል። ጽሑፍ የሆነ እሴት በነጠላ ጥቅስ ካልታጠረ አፕዴቱ ስሕተት ያወጣል። ስሙ ላይ አንድ ፊደል ከተሳተ ግን ማንም አይነግርዎትም፤ መቆለፊያው በሌለ ሴቲንግ ላይ ተቀምጦ ዝም ይላል። ስሙን በግምት አይጻፉ። ገና ባልተቆለፈ አካውንት ተርሚናል ከፍተው «ዲኮንፍ ዋች /» ይበሉ፣ ከዚያ ሴቲንጉን በማውዝ ይቀይሩት፤ ስሙና እሴቱ ፊት ለፊትዎ ይወጣል፤ ኮፒ ያድርጉት። የቆለፉት ነገር መቆለፉን ለማረጋገጥ ደግሞ በተማሪው አካውንት «ጂሴቲንግስ ራይተብል» ብለው ስኪማውን (ሴቲንጉ ያለበትን ክፍል) እና ስሙን ያስከትሉ፤ «ፎልስ» ካለ ተቆልፏል። ሌላም ወጥመድ አለ። መቆለፊያ ጽፈው እሴት መጻፍ ከረሱ፣ ሴቲንጉ የሚቆለፈው በፋብሪካ እሴቱ ላይ ነው። የትምህርት ቤቱን ፎቶ አስቀምጠው ሐምራዊው የኡቡንቱ ዋልፔፐር ተመልሶ ከመጣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ለዋልፔፐሩ ሁለት ስሞችን ይቆልፉ፤ «ፒክቸር-ዩአርአይ» እና «ፒክቸር-ዩአርአይ-ዳርክ»። ከግኖም 42 ጀምሮ ጨለማው ስታይል የራሱ ዋልፔፐር አለው፤ ኡቡንቱ 22.04 ደግሞ ግኖም 42 ነው። ሁለተኛውን ከተዉት ተማሪው ጨለማውን ስታይል መርጦ የፈለገውን ፎቶ ይሰቅላል። ፎቶው ራሱ፣ የጅሬኑ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም ይሁን የትምህርት ቤቱ ዓርማ፣ ከተማሪው ሆም ፎልደር ውጭ ይቀመጥ፤ «/ዩኤስአር/ሼር/ባክግራውንድስ» ተገቢው ቦታ ነው። ፋይሉን ሁሉም ሰው ማንበብ መቻሉን ይዩ፤ በሩት ስም ከፍላሽ ሲገለብጡት ለሌላው ዝግ ሆኖ ከቀረ ተማሪው የሚያየው ባዶ ቀለም ነው። ዶኩ ላይ የሚታዩትን ፕሮግራሞች «ኦርግ/ግኖም/ሼል» ሥር ያለው «ፌቮሪት-አፕስ» ይይዛል፤ እሱም ይቆለፍ።

ኪቦርዱ ላይ ቆም እንበል፤ ጅማ ውስጥ ያለ ላብ ሦስት ቋንቋ ይጻፍበታልና። አፋን ኦሮሞውና እንግሊዝኛው በላቲን ኪቦርድ ይጻፋሉ፤ ለአማርኛው የፊደል መጻፊያ ያስፈልጋል። «አይባስ-ኤም17ኤን» የሚባለውን ፓኬጅ ይጫኑ፤ በውስጡ ሴራ የሚባለው አጻጻፍ አለ፤ ሰላምን በላቲን እንደሚጻፈው ሲመቱት ፊደሉ ይወጣል። የኪቦርዶቹ ዝርዝር የሚቀመጠው «ኦርግ/ግኖም/ዴስክቶፕ/ኢንፑት-ሶርስስ» ሥር «ሶርስስ» በሚለው ስም፣ በጥንድ በጥንድ ነው፤ የመጀመሪያው ጥንድ «ኤክስኬቢ» እና «ዩኤስ»፣ ሁለተኛው «አይባስ» እና «ኤም17ኤን:ኤኤም:ሴራ»። «ሶርስስ»ን ይቆልፉት፤ ያኔ ማንም ከዝርዝሩ ላይ አማርኛውን መሰረዝ አይችልም። አጠገቡ ያለውን «ኤምአርዩ-ሶርስስ» ግን አይንኩት፤ ተማሪው በሱፐርና በስፔስ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀያይር የቅርቡ ምርጫ የሚመዘገበው እሱ ላይ ነው። ፓኬጁ ሳይጫን ዝርዝሩን ብቻ ከቆለፉ ደግሞ አማርኛው በስም ይታያል፣ ሲመቱት ግን ላቲን ይወጣል። 24ቱም ላይ መጫኑን ያረጋግጡ።

የማይቆለፉም አሉ። የጽሑፍ መጠን ማጉያውን፣ ከፍተኛ ንፅፅሩን፣ ስክሪን አንባቢውን፣ ባጠቃላይ ለዓይንና ለእጅ ችግር የተሠሩትን ሁሉ ክፍት ይተዉ። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊደል የማይታየው ተማሪ ፊደሉን ማጉላት መቻል አለበት፤ በሚቀጥለው ማስነሻ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ ማንንም አይጎዳም። «ኦርግ/ግኖም/ዴስክቶፕ/ሎክዳውን» ሥር «ዲሴብል-ኮማንድ-ላይን» የሚል ሴቲንግ ያገኛሉ። ስሙ ከሥራው ይገዝፋል፤ የትእዛዝ ሳጥኑንና የተለመደውን ተርሚናል ያግዳል፣ በኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3 የሚከፈተውን ጥቁር ስክሪን ግን አይነካም፤ የፓይተን መጻፊያ ካለም ከዚያ ውስጥ ማንኛውንም ትእዛዝ መጥራት ይቻላል። ፕሮግራሚንግ የሚማር ክፍል ካለዎት አያብሩት፤ ትምህርቱን ያደናቅፋል እንጂ አጥር አይሆንም። አጥሩ ተማሪው የሱዶ ቡድን ውስጥ አለመኖሩ ነው። ይህን ዛሬውኑ ይዩ፤ «ግሩፕስ» ከተማሪው ስም ጋር ሲጽፉ ከሚወጡት መካከል ሱዶ ካለ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ከንቱ ነው። የጋራው አካውንት ኡቡንቱ ሲጫን መጀመሪያ የተፈጠረው ከሆነ በእርግጠኝነት አለ። ያኔ ለራስዎ ሌላ የአስተዳዳሪ አካውንት ይፍጠሩ፣ በእሱ ገብተው ሱዶ መሥራቱን ይሞክሩ፣ ተማሪውን ከቡድኑ የሚያወጡት ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ከገለበጡት ራስዎን ውጭ ይዘጋሉ።

አሁን እጥበቱ። በተማሪው አካውንት ገብተው ሁሉን እንደሚፈልጉት ያስተካክሉ፤ ስክሪኑን፣ አይከኖቹን፣ የሊብሬኦፊስን አቀማመጥ። ቆሻሻ መጣያውንና የተርሚናሉን ታሪክ ያጥፉ፤ ብራውዘሩ ውስጥ ምንም አካውንት ተከፍቶ እንዳይቀር። ከዚያ ይውጡ። ተማሪው ገብቶ ሳለ የተገለበጠ ናሙና ግማሽ የተጻፉ ፋይሎችን ይይዛል። በአስተዳዳሪው አካውንት ሆነው የሆም ፎልደሩን ሙሉ ቅጂ «/ኦፒቲ» ሥር ያስቀምጡ፤ ፈቃዱ የሩት ይሁን።

ስክሪፕቱ ሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛ፣ «/ራን/ዲኮንፍ/ዩዘር»ን ፈጥሮ ፕሮፋይሉን በ1001 ስም ይገለብጣል። ሁለተኛ፣ የፎልደር መገልበጫውን «አርሲንክ»ን «-ኤ»፣ «--ዲሊት» እና «--ቾውን» በሚሉት አማራጮች ይጠራል፤ ምንጩ ናሙናው፣ መድረሻው የተማሪው ሆም። «--ዲሊት» ናሙናው ውስጥ የሌለውን ሁሉ ከመድረሻው ይጠርጋል፤ «--ቾውን» የተገለበጠውን በተማሪው ስም ያዞራል፤ ይህ ከተረሳ ተማሪው የራሱን ፋይሎች መክፈት ያቅተውና መግቢያው ላይ ተመልሶ ይወረወራል። የምንጩ ስም መጨረሻ ላይ ዘንግ መኖር አለበት። ያለ ዘንግ ከጻፉት አርሲንክ የፎልደሩን ይዘት ሳይሆን ፎልደሩን ራሱን ሆሙ ውስጥ ያስገባል፤ ምንም አይታጠብም፣ ተማሪው ደግሞ የማያውቀው ፎልደር ያገኛል። ናሙናው ባዶ ከሆነ ሆሙም ባዶ ይሆናል። መድረሻውን ተሳስተው የራስዎን ሆም ከጻፉ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ መጀመሪያ «-ኤን» ጨምረው ያሂዱት፤ ምን ሊሰርዝ እንደሆነ ይዘረዝራል እንጂ አይነካም።

ስክሪፕቱ መቼ ይሂድ? በመግቢያ ሰዓትም ማድረግ ይቻላል፤ የመግቢያውን ስክሪን የሚያመጣው ጂዲኤም ለዚያ «ፖስትሎጊን» (ፒ እና ኤል በትልቁ) የሚባል ቦታ አለው። ነገር ግን እዚያ የሚጻፍ ስክሪፕት የሚገባው ማን እንደሆነ ካልጠየቀ እርስዎ በገቡ ጊዜም ይሄዳል። የሚሻለው ማሽኑ ሲነሣ፣ መግቢያው ስክሪን ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ያኔ ማንም አልገባም፣ የሚጋጭ ነገር የለም። ማሽኑ ሲነሣ ሥራዎችን የሚያስጀምረው ሲስተምዲ የሚያነበው የሰርቪስ ፋይል ይጻፉ፤ ዓይነቱ «ዋንሾት»፣ «ቢፎር» የሚለው ላይ «ዲስፕሌይ-ማኔጀር.ሰርቪስ»፣ «ዋንቴድባይ» የሚለው ላይ «ግራፊካል.ታርጌት»፤ ከዚያ «ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል»። የሰርቪስ ፋይሉ ውስጥ ከእኩል ምልክቱ በፊት ያሉት ቃላት በትልቁ ፊደል እንደሚጀምሩ (በ«ዋንቴድባይ» ውስጥ ያለው «ባይ»ም) አይርሱ። ናሙናው ትንሽ ከሆነ ማስነሻው ላይ የሚጨምረው ጊዜ እምብዛም አይሰማም።

ማስነሻ ላይ ማጠብ አንድ እዳ አለው፤ ጅማ ላይ ደግሞ እዳው ከባድ ነው። ክፍለ ጊዜው መሃል መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኑ ይነሣል፣ ይታጠባል፣ ተማሪው ከአምስት ደቂቃ በፊት ሴቭ ያደረገውም አብሮ ይሄዳል። ለዚህ ከእጥበቱ የሚተርፍ አንድ ፎልደር ይኑር። ስሙን «ሥራ» ይበሉት፣ አርሲንኩ ላይ «--ኤክስክሉድ» ብለው ከፊቱ ዘንግ ጨምረው ይጻፉት፤ ያልተካተተ ነገር አይሰረዝም። የሊብሬኦፊስ ነባሪ የሴቭ ቦታም ወደዚያው ይዙር፤ ይህ ናሙናው ላይ አንድ ጊዜ የሚደረግ ነው። ፎልደሩን በሳምንቱ መጨረሻ በእጅ ያጽዱት። በፋይል ዕድሜ የሚሰርዝ ስክሪፕት አልመክርም፤ አሮጌ ማሽን ላይ ሰዓቱ የሚታመን አይደለም። ሁሉም ተማሪ አንድ አካውንት ስለሆነ ደግሞ አንዱ የሌላውን ሥራ ሊሰርዝ ይችላል፤ በፈቃድ ማስተካከያ፣ ፋይሉን ባለቤቱ ብቻ እንዲሰርዝ በሚያደርገው በስቲኪ ቢትም ቢሆን፣ አይከለከልም፤ ለሊኑክስ ሁሉም አንድ ሰው ናቸው። ይህ የሚያሳስብዎ ከሆነ ለየክፍሉ አካውንት ይክፈቱ፤ ያኔ ስክሪፕቱ ሁሉንም በየተራ ያጥባል። ለውጤት የሚያዝ ሥራ ግን በፍላሽ ይወሰድ ወይም ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ወደ እርስዎ ማሽን ይግባ።

ከሆም ፎልደሩ ውጭ ስለሚቀመጡ እጥበቱ የማይነካቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ተማሪው የመረጠው ቋንቋና የአካውንቱ ፎቶ «/ቫር/ሊብ/አካውንትስሰርቪስ» (የ«አካውንትስ»ና የ«ሰርቪስ» መጀመሪያ ፊደሎች በትልቁ) ውስጥ ይጻፋል፤ አንዱ ማሽኑን ወደ ቻይንኛ ከቀየረው ከእጥበት በኋላም ቻይንኛ ሊሆን ይችላል። በተማሪው ስም ያለውን ያንን ፋይልም ስክሪፕቱ ከቅጂ ይመልሰው። በጊዜ የሚነሣ የክሮን ሥራም ከሆም ውጭ ነው፤ «/ኢቲሲ/ክሮን.አላው» ፈጥረው ሩት የሚለውን ብቻ ይጻፉበት። ሦስተኛው የጋራው ፓስወርድ ራሱ ነው። ማንኛውም ተማሪ ነባሩን ስለሚያውቅ ሊቀይረው ይችላል፤ በማግስቱ ክፍሉ በሙሉ ውጭ ይቀራል። «ሱዶ ቼጅ -ኤም 9999» («ቼጅ» በላቲን ሲ-ኤች-ኤ-ጂ-ኢ ነው) ከተማሪው ስም ጋር ይጻፉ፤ ፓስወርዱ ከተቀየረ 9,999 ቀን ሳይሞላ ተማሪው እንደገና መቀየር አይችልም፣ እርስዎ በሱዶ ግን በፈለጉ ጊዜ ይቀይሩታል። በተርሚናሉ የአማራጩ ፊደል ትንሹ ኤም መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ትልቁ ኤም ተቃራኒውን፣ የፓስወርዱን ማብቂያ ቀን ነው የሚወስነው።

ፋየርፎክስን ዲኮንፍ አያዘውም። የራሱ የፖሊሲ ፋይል አለው፤ «/ኢቲሲ/ፋየርፎክስ/ፖሊሲስ/ፖሊሲስ.ጄሰን»። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ፋየርፎክስ በስናፕ (ለብቻው በታሸገ የፓኬጅ ዓይነት) ቢመጣም ይህን ቦታ ያነባል። የመጀመሪያውን ገጽ ይቆልፉ፣ ፓስወርድ ማስቀመጥን ያጥፉ፣ ሲዘጋ ኩኪና ታሪክ እንዲጸዳ ያድርጉ። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ የጋራ አካውንት ላይ አንዷ ፌስቡኳን ሳትዘጋ ከሄደች ቀጥሎ የሚቀመጠው ያገኘዋል፣ ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ ደግሞ እጥበቱ አይደርስላትም። ፋይሉ ውስጥ አንዲት ትርፍ ኮማ ካለች ሙሉ ፋይሉ አይነበብም፤ አድራሻው ላይ «አባውት:ፖሊሲስ» ብለው ይፈትሹ።

ፍላሽ መሰካት፣ ማሽን ማጥፋት፣ ኔትወርክ መቀየር የመሳሰሉት ፈቃዶች ማን ምን ማድረግ እንደሚችል በሚወስነው በፖልኪት እጅ ናቸው። በብዛት ሳይነኩ ቢቀሩ ይሻላል። ከነኩ ግን ኡቡንቱ 22.04 የሚቀበለው አሮጌውን «ፒኬኤልኤ» የተባለ አጻጻፍ መሆኑን ይወቁ፤ በጃቫስክሪፕት የተጻፉት አዳዲሶቹ ደንቦች የሚሠሩት 24.04 ላይ ነው፣ 22.04 ላይ ስሕተት እንኳን ሳያሳዩ ዝም ይላሉ።

የቀረው በሩ ነው። ማሽኑ ሲነሣ የግራብን (ኡቡንቱን የሚያስነሣው ፕሮግራም ነው) ሜኑ አውጥቶ ሪከቨሪ የመረጠ ተማሪ ያለ ፓስወርድ የሩት ተርሚናል ያገኛል። በላይቭ ፍላሽ (ሙሉ ሲስተም በተጫነበት ፍላሽ) ያስነሣም እንዲሁ። ባዮሱ ላይ ፓስወርድ ያድርጉ፣ ከዩኤስቢ ማስነሣትን ይዝጉ፣ ለግራብ ደግሞ «ግራብ-ኤምኬፓስወርድ-ፒቢኬዲኤፍ2» በሚለው ትእዛዝ የተመሰጠረ ፓስወርድ አውጥተው «/ኢቲሲ/ግራብ.ዲ/40_ከስተም» ውስጥ ያስገቡ። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚረሳው አንድ ቃል አለ፤ «10_ሊኑክስ» ፋይል ውስጥ «ክላስ» (በትልልቅ ፊደል) የሚለው መስመር ላይ «--አንሪስትሪክትድ» ካልጨመሩ ግራብ ለተራው ማስነሻም ፓስወርድ ይጠይቃል፤ ጠዋት 24 ማሽን ላይ እየዞሩ ሲጽፉ ይውላሉ። ግራብ ሲታደስ ፋይሉን ልተካው ወይ ብሎ ከጠየቀዎት የእርስዎን እንዲያቆይ ይንገሩት። የባዮሱን ፓስወርድ ጽፈው በታሸገ ፖስታ ለርዕሰ መምህሩ ይስጡ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ ካለቀች መብራት በጠፋ ቁጥር የባዮሱ ሴቲንግ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፤ በብዙ አሮጌ ዴስክቶፖች ላይ ፓስወርዱም አብሮ ይጠፋል። ሰዓቱን ሁልጊዜ የሚስት ማሽን ካለዎት መጀመሪያ ባትሪዋን ይቀይሩ። ባትሪዋን ነቅሎ የሚያውቅ ተማሪ ስለማይጠፋም ኬዙ በብሎን ይታሰር።

ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም ወይ ለሚለው፣ «ኦቨርሌይሩት» የሚባለው ፓኬጅ አለ፤ ዲስኩ ላይ ምንም ሳይጻፍ ለውጡ ሁሉ ራም ላይ ውሎ ማሽኑ ሲጠፋ ይጠፋል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ዲስኩን ከጉዳት ስለሚጠብቅ ያጓጓል። ነገር ግን የሚጻፈው ሁሉ የሚያርፈው ራም ላይ ነው፤ በ4 ጊጋባይት ማሽን ብራውዘሩ ጥቂት ሰዓት ሲከፈት ራሙ ይጨናነቃል። አውቶማቲክ አፕዴቱን ካላጠፉት ደግሞ የትናንቱን ማውረድ ዛሬም ይደግመዋል፣ ኢንተርኔቱን ይበላዋል። 8 ጊጋባይት ላይ ብሆን እመርጠው ነበር። ማሽኖቹን ሁሉ ከአንድ ሰርቨር የሚያስነሣው ኤልቲኤስፒም ጥሩ ነው፤ ግን ሰርቨሩ የቆመ ዕለት ላቡ በሙሉ ይቆማል፤ ዩፒኤስ ለሌለው ትምህርት ቤት አላቀርበውም። በግኖም ፈንታ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ዴስክቶፕ ላላቸው ማሽኖች ዲኮንፉ አይሠራም፤ እዚያ «/ኢቲሲ/ኤክስዲጂ» ውስጥ ባሉት የኤክስኤምኤል ፋይሎች «ሎክድ» የሚል ምልክት ይደረጋል። እጥበቱ ግን እዚያም ያው ነው።

24ቱንም በአንድ ቀን አይጀምሩ። አንድ ማሽን ያዘጋጁ፣ ከክፍሉ በጣም ነካኪ የሆኑትን ሁለት ተማሪዎች አስቀምጠው አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አበላሹት ይበሏቸው። ዋልፔፐር ይሞክሩ፣ ስክሪኑን ይዘቅዝቁ፣ አማርኛውን ለመሰረዝ ይታገሉ፣ ፓስወርዱን ይቀይሩ። ከዚያ «ሥራ» ፎልደር ውስጥ አንድ ፋይል ሴቭ አድርገው መብራት እንደጠፋ ሶኬቱን ይንቀሉ። ሲነሣ ዴስክቶፑ ወደ ናሙናው ተመልሶ፣ አማርኛው እየጻፈ፣ ያቺም ፋይል በቦታዋ ከተገኘች ስክሪፕቱን፣ ሰርቪሱን፣ የዲኮንፍ ፎልደሩን፣ ናሙናውንና የፖሊሲ ፋይሉን አንድ ላይ አሽገው በፍላሽ ወደ ቀሩት 23 ያዙሩ። በየማሽኑ የተማሪው መለያ ቁጥር 1001 መሆኑን ሳያዩ ግን አያልፉ፤ አንዱ ላይ 1002 ከሆነ እጥበቱ ይሠራል፣ መቆለፊያው ግን የለም።